ኮምፒዩተር ኮምፒዩተርን ሲፈትን

በአሁኑ ዘመን የመንግሥት መሥሪያ ቤትም ሆነ የንግድ ድርጅት፥ ትምህርት ቤትም ሆነ ሆስፒታል፥ ሥራውን የሚያካሂደው በሶፍትዌር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ግብር የሚከፈለው፥ ደመወዝ የሚላከው፥ የፈተና ውጤት የሚታየው በዚሁ በኩል ነው። እንግዲህ ይህን ያህል አደራ የተጣለበት ሶፍትዌር ወደ ሕዝብ ከመውጣቱ በፊት ማን ይፈትነዋል? በምንስ ይፈተናል? የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። ለተማሪዎችና አዲስ ወደ ሥራ ለገቡ ወጣት ሹማምንት ይህ የሩቅ አገር ጥያቄ አይደለም፤ ነገ በፊርማቸው ሥርዓቱን የሚረከቡት እነርሱ ናቸውና። ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን በዓለም ላይ በስፋት ስለሚሠራበት ሴሌኒየም ግሪድ ስለተባለው የመፈተኛ ሥርዓትና በቅርብ ዓመታት ስለተጨመሩለት አዳዲስ ችሎታዎች ጥቂት ለማተት አስበናል። የውጭውን አገር ታሪክ የምንጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሲሆን፥ የአገራችንን አቆጣጠር በተጠቀምንበት ስፍራ ዓ.ም. ብለን እንለየዋለን።

ነገሩ የተጀመረው በ2004 ነው። በዚያን ጊዜ በቺካጎ ከተማ ቶትወርክስ በሚባል የሶፍትዌር ኩባንያ ውስጥ ጄሰን ሃጊንስ የተባለ ባለሙያ፥ ሠራተኞች የሥራ ሰዓታቸውንና ወጪያቸውን የሚያስመዘግቡበትን የውስጥ ድረ ገጽ በመሥራት ላይ ነበረ። እንዲህ ያለ ሥራ ችግሩ ምን እንደሆነ የሞከረው ያውቀዋል። አንዱን ነገር ባስተካከሉ ቁጥር ሌላው እንዳልተበላሸ ለማረጋገጥ ገጹን መክፈት፥ ስምና የይለፍ ቃል መጻፍ፥ ቅጹን መሙላት፥ ቁልፉን መጫንና የመጣውን መልስ ማየት ያስፈልጋል። ይህም በክሮምም፥ በፋየርፎክስም፥ በሌላውም ብሮውዘር መደገም አለበት። ሰው ሲሰለቸው ይዘለዋል፤ ስሕተትም የሚሾልከው በተዘለለው በኩል ነው። ሃጊንስ ይህን ድካም የሚሸከም ፕሮግራም ጻፈ። ፕሮግራሙ እንደ ሰው ሆኖ ብሮውዘሩን ይከፍታል፥ ይጽፋል፥ ይጫናል፥ የመጣውንም መልስ ከሚጠበቀው መልስ ጋር ያስተያያል።

የስሙ ነገር ከቀልድ የመጣ ነው። በዚያን ዘመን ሜርኩሪ የሚባል ትልቅ ኩባንያ የመፈተኛ ሶፍትዌር በውድ ዋጋ ይሸጥ ነበር። ሜርኩሪ ማለት ባዜቃ ነው። የባዜቃ መርዝ ደግሞ ሴሌኒየም በተባለው ንጥረ ነገር ይረክሳል ይባላል። ሃጊንስም መሣሪያውን ሴሌኒየም አለው። ሜርኩሪን በ2006 ሂውሌት ፓካርድ ገዛው፤ ማርከሻው ግን ማንም በነጻ ወስዶ እንዲሠራበትና እንዲያሻሽለው ተፈቅዶ እስከ ዛሬ ድረስ ይኖራል። ከዚያም ሳይመን ስቱዋርት የተባለ ሌላ ባለሙያ ዌብድራይቨር የሚባል የተሻለ መንገድ አመጣና፥ ሁለቱ በ2009 አንድ እንዲሆኑ ተስማምተው በሐምሌ 2011 ሁለተኛው ሴሌኒየም ወጣ። በጁን 5 ቀን 2018 ይኸው ዌብድራይቨር የድረ ገጽን ደረጃዎች በሚያወጣው ዓለም አቀፍ ማኅበር እንደ ደንብ ጸደቀ። በገበያ እርስ በርሳቸው የሚፋለሙት የክሮም፥ የፋየርፎክስ፥ የሳፋሪና የኤጅ ባለቤቶች ለአንድ ፈታኝ ትእዛዝ ለመታዘዝ ተስማሙ ማለት ነው። ተፎካካሪዎች በሌላ ነገር ይህን ያህል መስማማታቸውን እንጠራጠራለን።

አሁን ግሪድ ወደሚባለው ክፍል እንምጣ። አንድ መሥሪያ ቤት 900 ፈተናዎች አሉት እንበል፤ እያንዳንዱም 2 ደቂቃ ይፈጃል። አንዱ ካለቀ በኋላ ሌላው እየተጀመረ በአንድ ኮምፒዩተር ቢሠራ 1,800 ደቂቃ ወይም 30 ሰዓት ይፈልጋል። ጠዋት የጻፉት ኮድ መልሱ በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ የሚመጣ ከሆነ መልሱን የሚጠብቅ ሰው አይገኝም። ሥራው በ30 ብሮውዘሮች ላይ ቢከፋፈል ግን በአንድ ሰዓት ያልቃል። ይህን ማከፋፈል የሚሠራው ሰርቨር ነው ግሪድ የተባለው፤ በ2008 ፊሊፕ ሃንሪጉ የተባለ ባለሙያ ጀመረው። አሠራሩም ሀብ የሚባል አንድ ማእከላዊ ሰርቨር ጥያቄውን ተቀብሎ ኖድ ለሚባሉ ሠራተኛ ኮምፒዩተሮች ማደል ነበር።

ዳሩ ግን የቀድሞው ሀብ አንድ ጸሓፊ ብቻ ያለውን መሥሪያ ቤት ይመስል ነበር። ባለጉዳይ የሚቀበለው እርሱ፥ መዝገብ የሚይዘው እርሱ፥ ሥራ የሚመራው እርሱ፥ ማን ሥራ እንደፈታ የሚያውቀውም እርሱ ነው። ባለጉዳይ ሲበዛ ጸሓፊው ይጨነቃል፤ ጸሓፊው ከታመመ መሥሪያ ቤቱ ይዘጋል። በኦክቶበር 13 ቀን 2021 የወጣው አራተኛው ሴሌኒየም ይህን ጸሓፊ በክፍል ከፋፈለው። ራውተር የተባለው ክፍል በር ላይ ቆሞ የመጣውን ወደሚገባው ስፍራ ይመራል። አዲስ ጥያቄ ወረፋ ክፍል ውስጥ ይገባል። አከፋፋዩ ክፍት ኖድ ፈልጎ ሥራውን ይሰጣል። አንድ መዝገብ የትኛው ፈተና በየትኛው ኖድ ላይ እንዳለ ይይዛል። በመካከላቸውም አንዱ ለሌላው የሚያስታውቅበት የመልእክት መሥመር ተዘርግቷል። ለትንሽ ሥራ ሁሉንም በአንድ ኮምፒዩተር ላይ አንድ አድርጎ ማስነሣት ይቻላል፤ ለትልቅ ሥራ እያንዳንዱን ክፍል ለየብቻው ማስቀመጥ ይቻላል።

ከነዚህ ክፍሎች ሁሉ እኛን ይበልጥ የማረከን ወረፋው ነው። አዲስ ጥያቄ መጥቶ ክፍት ስፍራ ቢያጣ፥ ሌላ ትእዛዝ ካልተሰጠው በቀር 300 ሰከንድ ድረስ ይጠብቃል። ያን ጊዜ ስፍራ ካልተገኘለት ስፍራ እንዳልተገኘለት በግልጽ ይነገረዋል። እንደዚሁም አንድ ፈተና ተጀምሮ ባለቤቱ 300 ሰከንድ ድረስ ዝም ቢል ብሮውዘሩ ተዘግቶ ስፍራው ለሌላ ይሰጣል። ነገሩ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ፈተና ወደቀ ሲባል የወደቀው ሶፍትዌሩ መጥፎ ስለሆነ ነው ወይስ ስፍራ ስላልተገኘ ነው? የሚለውን መለየት ከጥሩ ፈታኝ የሚጠበቅ የመጀመሪያው ነገር ነው። ተማሪ የወንበር እጥረት ስለነበረ ሳይፈተን ቢቀር፥ በውጤት መዝገቡ ላይ ዜሮ ተብሎ ሊጻፍበት አይገባም።

ሌሎችም አሉ። አንድ ኖድ ለጥገና ሲፈለግ አዲስ ሥራ እንዳይቀበል፥ የያዘውን ግን ጨርሶ እንዲወጣ ማዘዝ ይቻላል። ዶከር በሚባለው መሣሪያ አማካይነት ለእያንዳንዱ ፈተና አዲስና ንጹሕ ብሮውዘር ተነሥቶ ፈተናው ሲያልቅ ይወገዳል፤ ከፊተኛው ፈተና የቀረ ትራፊ የኋለኛውን አያበላሽም። ኩበርኔቲስ በሚባለው ሥርዓት ላይ ሲተከል ደግሞ ወረፋው ሲረዝም ኖዶች እንዲጨመሩ፥ ሲያጥር እንዲቀነሱ ማድረግ ይቻላል። በኖቬምበር 2022 የመጣው ሴሌኒየም ማኔጀር የተባለው ደግሞ ለየብሮውዘሩ የሚያስፈልገውን ድራይቨር ራሱ ፈልጎ ያመጣል። ቀድሞ ክሮም በታደሰ ቁጥር ድራይቨሩን በእጅ ሲፈልጉ የነበሩ ሁሉ በዚህ ደስ ብሏቸዋል።

ነገር ግን ስለ አዲስ መሣሪያ ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚወደሰው ፍጥነቱ ነው። እኛ በበኩላችን ፍጥነቱን ሁለተኛ ነገር አድርገን እናየዋለን። ሐሰተኛ መልስ በ30 ሰዓት ፋንታ በአንድ ሰዓት ቢመጣ ጥቅሙ ምንድን ነው? ዋናው ነገር ፈታኙ አለፈ ወይም ወደቀ ሲል ሊታመን መቻሉ ነው። እዚህ ላይ በሙያው ሰዎች ዘንድ የታወቀ አንድ በሽታ አለ፤ እኛ ወላዋይ ፈተና ብለን እንጠራዋለን። ወላዋይ ፈተና ማለት ኮዱ ምንም ሳይለወጥ አንድ ጊዜ አለፈ፥ አንድ ጊዜ ወደቀ የሚል ነው። ጉግል በ2016 ስለ ራሱ ፈተናዎች ባወጣው ጽሑፍ፥ ከፈተናዎቹ 16 በመቶ የሚሆኑት በመጠኑም ቢሆን ወላዋይ እንደሆኑ ገልጿል። ይበልጥ የሚያስደነግጠው ሌላው ቁጥር ነው፤ ቀድሞ ያልፍ የነበረ ፈተና ድንገት ወደቀ ተብሎ ከታየባቸው ጊዜያት 84 በመቶው ከወላዋይ ፈተና ጋር የተያያዘ ሆኖ ተገኝቷል። እንደ ጉግል ባለ ኩባንያ ይህ ከሆነ በሌላው ቤት ምን እንደሚሆን መገመት አያዳግትም።

ውጤቱም የታወቀ ነው። ቀይ መብራት በበራ ቁጥር ሠራተኛው «እንደገና አስነሣው፥ ያልፋል» ማለትን ይለምዳል። ብዙውን ጊዜ እውነትም ያልፋል። ተኩላ መጣ እያለ ሲጮህ እንደኖረው እረኛ፥ እውነተኛው ተኩላ በመጣበት ቀን የሚሰማው አይገኝም።

ለመሆኑ ፈተና ለምን ይወላውላል? ምክንያቱ ብዙ ጊዜ የጊዜ ጉዳይ ነው። ሰው ገጹ ተከፍቶ ቁልፉ እስኪታየው ድረስ ሳያስበው ይጠብቃል። ፕሮግራም ግን ሳይጠብቅ ወዲያው ይጫናል፤ ቁልፉ ገና ካልመጣ ወደቀ ይላል። ለዚህ ብዙ ጀማሪዎች የሚያበጁለት መላ በየስፍራው «5 ሰከንድ ቁም» ብሎ መጻፍ ነው። ከላይ ባነሣናቸው 900 ፈተናዎች ውስጥ በእያንዳንዱ ላይ 10 ጊዜ እንዲህ ተብሎ ቢጻፍ 45,000 ሰከንድ፥ ይኸውም 12 ሰዓት ተኩል በከንቱ ይባክናል፤ ኔትዎርኩ በዘገየ ቀን ደግሞ 5ቱ ሰከንድ ራሱ አይበቃም። ትክክለኛው መንገድ የተወሰነ ጊዜ ሳይሆን የተወሰነ ነገር እስኪሆን መጠበቅ ነው፤ ቁልፉ እስኪታይ፥ ጽሑፉ እስኪመጣ።

በዚህ ረገድ ሁለት አዳዲስ ነገሮች መጥተዋል። አንደኛው በፈታኙና በብሮውዘሩ መካከል ያለው የመነጋገሪያ መንገድ መለወጡ ነው። በቀድሞው መንገድ ፈታኙ እንደ ደብዳቤ መላላኪያ ነበር። «ገጹ ተከፈተ ወይ?» ብሎ ይልካል፤ «ገና ነው» የሚል መልስ ይመጣለታል፤ ደግሞ ይልካል። ብሮውዘሩ ካልተጠየቀ በቀር አይናገርም ነበር። ዌብድራይቨር ባይዳይ የሚባለው አዲሱ ደንብ ግን ሳይዘጋ እንደሚቆይ የስልክ መሥመር ነው፤ ብሮውዘሩ ራሱ «ይህ ጥያቄ መልስ አገኘ፥ እዚህ ላይ ስሕተት ተፈጠረ» እያለ ነገሩ በሆነበት ቅጽበት ያስታውቃል። የሴሌኒየም ሰዎች ወደዚህ የገፋፋቸው ውድድርም መሆኑ አይካድም። ማይክሮሶፍት በ2020 ያወጣው ፕሌይራይት የሚባለው መሣሪያ ቁልፉ ዝግጁ እስኪሆን ራሱ እየጠበቀ የሚጫን በመሆኑ ብዙ ወጣት ባለሙያዎችን ስቦ ነበርና።

ሁለተኛው ዱካ መከተል ነው። በአራተኛው ግሪድ ውስጥ አንድ ጥያቄ በር ከገባበት ጊዜ አንሥቶ በወረፋው፥ በአከፋፋዩና በኖዱ በኩል ሲያልፍ በየስፍራው ስንት ጊዜ እንደቆየና የት እንደተሰናከለ ተመዝግቦ ይቀመጣል። ይህም ኦፕን ቴሌሜትሪ በሚባለው የጋራ ደንብ መሠረት ስለሚሠራ መዝገቡን በሌላ መሣሪያ ከፍቶ ማንበብ ይቻላል። በመዝገብ ቤት የሠራ ሰው ዋጋውን ያውቀዋል። ደብዳቤው ጠፋ ከማለትና፥ ደብዳቤው ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ከሁለተኛው ክፍል ወጥቶ ሦስተኛው ክፍል አልደረሰም ከማለት የትኛው ይሻላል? እኛ ከአዳዲሶቹ ችሎታዎች ሁሉ አንደኛ የምናደርገው ይህን ነው። ፈታኙ ራሱ እንዲመረመር በሩን ከፍቷልና።

እንዲህም ሆኖ የመሣሪያው መሻሻል የሰውን ጆሮ አይከፍትም። ኦገስት 1 ቀን 2012 በኒው ዮርክ የአክሲዮን ገበያ የደረሰውን ለምሳሌ እንውሰድ። ናይት ካፒታል የተባለው የገበያ ድርጅት አዲስ ሶፍትዌር በስምንት ሰርቨሮች ላይ ማስገባት ሲገባው በሰባቱ ላይ ገብቶ በአንዱ ላይ ሳይገባ ቀረ። በዚያ በአንዱ ላይ ከ2003 ጀምሮ የማይሠራበት አሮጌ ኮድ ነበረ፤ ገበያው ሲከፈት ተነሣና ያለማቋረጥ መግዛትና መሸጥ ጀመረ። በ45 ደቂቃ ውስጥ በ154 የአክሲዮን ዓይነቶች 4 ሚሊዮን ያህል ግብይት ተፈጽሞ ድርጅቱ ከ440 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከሰረ። የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በኋላ ባደረገው ምርመራ፥ ገበያው ከመከፈቱ በፊት የድርጅቱ ኮምፒዩተሮች ስለዚሁ ስሕተት 97 የኢሜይል መልእክቶች ለሠራተኞች ልከው እንደነበር ገልጿል። ኮምፒዩተሩ ጮኋል፤ ሰው አልሰማም። ድርጅቱ 12 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት ከፈለ፤ በ2013ም ከሌላ ድርጅት ጋር ተዋሕዶ ራሱን ችሎ መቆሙ አበቃ።

ሁለተኛው ምሳሌ ይበልጥ ያሳስባል፤ በዚህ ጊዜ ጥፋቱን ያሳለፈው ራሱ ፈተናው ነውና። ጁላይ 19 ቀን 2024፥ ማለት ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም.፥ ክራውድስትራይክ የተባለው የኮምፒዩተር ጥበቃ ኩባንያ አንድ ትንሽ ማሻሻያ ላከ። ማሻሻያው ከተላከ በኋላ በ78 ደቂቃ ውስጥ ተመለሰ፤ በዚያች ጊዜ ውስጥ ግን በማይክሮሶፍት ግምት 8.5 ሚሊዮን የዊንዶውስ ኮምፒዩተሮች ከሥራ ወጥተው ነበር። አውሮፕላኖች ከመሬት አልተነሡም፥ ሆስፒታሎች ቀጠሮ ሰረዙ፥ ባንኮች ተጨነቁ። ኩባንያው ራሱ በነሐሴ ወር መግቢያ ባወጣው የምርመራ ጽሑፍ እንደተናገረው ሶፍትዌሩ 21 መረጃዎች እንዲቀርቡለት ይጠብቅ ነበር፤ የሚቀርቡለት ግን 20 ብቻ ነበሩ። ይህ በፈተና ጊዜ እንዴት ሳይታይ ቀረ? ቢባል፥ በፈተናው ላይ በ21ኛው ስፍራ «ማንኛውም ነገር ይሁን» የሚል ምልክት ተቀምጦ ስለነበረ ነው። ማንኛውም ነገር ይሁን ከተባለ ኮምፒዩተሩ ያን ስፍራ ማየት አያስፈልገውም። በጁላይ 19 ለመጀመሪያ ጊዜ ስፍራው በእርግጥ እንዲታይ ተጠየቀ፤ ያን ጊዜ ባዶ ሆኖ ተገኘ። ፈተናዎቹ ሁሉ አለፈ ብለው ነበር። አልዋሹም፤ የተጠየቁትን ብቻ ነው የመለሱት።

ከአገራችንም በብዙዎች ትዝታ ውስጥ ያለ ነገር አለ። መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ለ7 አጥቢያ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሥርዓት ላይ በደረሰ እክል ብዙ ሰዎች፥ ከነዚህም ብዙዎቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፥ በሒሳባቸው ከነበረው በላይ ገንዘብ ለማውጣትና ለማስተላለፍ ቻሉ። ባንኩ ነገሩ ከውጭ የተሰነዘረ ጥቃት ሳይሆን ከራሱ የሥርዓት ማሻሻያ ሥራ ጋር የተያያዘ መሆኑን አስታወቀ፤ ገንዘቡም እንዲመለስ ጠይቆ ያልመለሱትን ሰዎች ስምና ፎቶግራፍ እስከ ማውጣት ደረሰ። የወሰዱትን ሰዎች ነገር ለሌላ ጊዜ እንተወውና፥ ሒሳቡ 100 ብር የሆነ ሰው 101 ብር ለማውጣት ቢሞክር ይከለከል እንደሆነ መጠየቅ ለፈተና ጸሓፊ ከሁሉ የቀለለ ጥያቄ ነው። ቀላልነቱ ግን አንድ ጊዜ ተጠይቆ ይበቃል ማለት አይደለም። ሥርዓቱ በተነካ ቁጥር፥ የተነካው ሌላ ክፍል ቢሆን እንኳ፥ ጥያቄው እንደገና መቅረብ አለበት። እንደ ግሪድ ያለ ሰርቨር ዋና ጥቅሙም ይኸው ነው፤ የማይሰለች ፈታኝ ቀላሉንም ጥያቄ 1,000 ጊዜ ይጠይቃል።

በጨረፍታ አንድ ማስጠንቀቂያ ለወጣት ባለሙያዎቻችን እናክል። ግሪድ እንደተተከለ የይለፍ ቃል አይጠይቅም፤ ለውስጥ አገልግሎት የታሰበ ነውና። በኢንተርኔት ላይ ክፍት ተደርጎ ከተተወ ማንም አላፊ አግዳሚ ትእዛዝ ሊሰጠው ይችላል። በጁላይ 2024 ዊዝ የተባለ የጥበቃ ድርጅት፥ ክፍት የተተዉ አሮጌ ግሪዶችን እየፈለጉ ሞኔሮ የሚባለውን የኮምፒዩተር ገንዘብ የሚያመርቱባቸው ሰዎች መኖራቸውን ገልጾ ነበር። በር ጠባቂ የቀጠረ ሰው ለበር ጠባቂው ቤት በር መሥራትን ረሳ እንደ ማለት ነው።

እንግዲህ ፈታኙ የተጠየቀውን ብቻ የሚመልስ ከሆነ ጥያቄውን የሚጽፈው ማን ነው? ወደ እኛ የሚመጡት ሥርዓቶች ብዙዎቹ በውጭ አገር የተሠሩ ናቸው፤ ፈተናቸውም በዚያው የተጻፈ ነው። የቺካጎ መሐንዲስ ፈተና ሲጽፍ ዓመት 12 ወር አለው ብሎ ይነሣል። 13ኛ ወር እንዳለን፥ እርስዋም 5 ቀን እንዳላት፥ ዘመነ ሉቃስ ሲያልቅ ደግሞ 6 እንደምትሆን ከየት ያውቃል? ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ዓ.ም. እውነተኛ ቀን ነበረች፤ በዚያች ቀን የተወለደ ሕፃን አለ፥ የተፈረመ ውል አለ። ጳጉሜን 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ግን የለችም። አንዱን ተቀብሎ ሌላውን የማይመልስ ቅጽ ለአገራችን ገና አልተፈተነም። በእኛ አነጋገር ከጠዋቱ 2 ሰዓት የተባለው ቀጠሮ በኮምፒዩተሩ ላይ 8 ሰዓት ሆኖ መታየቱም እንዲሁ ነው።

የስም ነገር ከዚህ ይከፋል። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም ፊደላት መዝገብ ውስጥ የገባው በ1999 ነው፤ ከዚያ ወዲህ ኮምፒዩተር ፊደላችንን ያውቃል። የሚያውቀው ግን እንደ ቁጥር ነው። ለእኛ ጆሮ ሀ፥ ሐና ኀ አንድ ድምፅ ሲሆኑ ለኮምፒዩተር ሦስት የተለያዩ ቁጥሮች ናቸው። አንዲት ሴት በአንድ መሥሪያ ቤት ፀሐይ ተብላ ተመዝግባ በሌላው ጸሀይ ተብላ ብትፈለግ የለችም ትባላለች። የለችም የተባለ ሰው ጡረታም፥ ብድርም፥ የምስክር ወረቀትም አያገኝም። እንደዚሁም የቤተሰብ ስም ካልተጻፈ አላልፍም የሚል ቅጽ በአባት ስም ለሚጠራ ሕዝብ የተሠራ አይደለም። እነዚህን ጥያቄዎች ግሪድ በ30 ብሮውዘር ላይ በአንድ ጊዜ ሊጠይቃቸው ይችላል፤ መጀመሪያ ግን አገሩን የሚያውቅ ሰው ሊጽፋቸው ይገባል። ለዚህም የኮምፒዩተር ተማሪ ብቻ አይበቃም። በመዝገብ ቤት መስኮት ላይ ሦስት ዓመት የተቀመጠ ሠራተኛ ሕዝቡ ስሙን በስንት ዓይነት እንደሚጽፍ ከማንም ይበልጥ ያውቃልና፥ በፈተናው ዝግጅት ጊዜ ከጎን እንዲቀመጥ ሊጠራ ይገባዋል።

ርክክብ የሚፈርም ወጣት ሹምም ሻጩ ሁሉ አልፏል ብሎ የአረንጓዴ መብራቶች ዝርዝር ባቀረበለት ጊዜ፥ ፈተናዎቹ ምን ምን እንደሚጠይቁ በአማርኛ እንዲነበቡለት ቢጠይቅ መብቱ ነው። ባለፈው ወር ስንቶቹ ወደቁ፥ የወደቁትስ ኮዱ ተስተካክሎ ነው ያለፉት ወይስ እንደገና ተነሥተው ብቻ ነው? ብሎ ቢጠይቅ ደግሞ የመዝገቡን ጥቅም ያያል።

ከዚህም አልፎ ፈታኙን ራሱን የሚፈትኑበት የቆየ ዘዴ አለ። ሪቻርድ ሊፕተን የተባለ አሜሪካዊ ገና ተማሪ ሳለ በ1971 ያቀረበው ሐሳብ ነው፤ በ1978 ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ጽፎ አሳትሞታል። አሠራሩ ይህ ነው። ትክክል የሆነው ፕሮግራም ይወሰድና በአንድ ቅጂው ላይ ሆን ተብሎ አንድ ትንሽ ጥፋት ይገባበታል። ከዚህ በታች የሚለው ምልክት ከዚህ በላይ ይደረጋል፤ መደመር የነበረው መቀነስ ይሆናል። ከዚያም ፈተናዎቹ ሁሉ በተበላሸው ቅጂ ላይ ይነሣሉ። ቢያንስ አንዱ ቀይ መብራት ካበራ ፈታኙ ነቅቷል። ሁሉም አረንጓዴ ከሆኑ ግን ያን ስፍራ የጠየቀ ሰው አልነበረም። እንዲህ ያለውን ሙከራ በርክክቡ ጠረጴዛ ላይ ለማድረግ ሩብ ሰዓት ይበቃል። ሻጩ በቅጂው ላይ ጳጉሜን ሁልጊዜ 5 ቀን እንድትሆን አድርጎ ይለውጥ፤ ፈተናዎቹን ያስነሣ፤ መብራቱ ምን እንደሚሆን አብረው ተቀምጠው ይጠብቁ።